ቡሌውን ተቀበዪ፣ ፍራሹን መልሺ

«እትዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው። ባለቤቴ የቀን ሥራ ይሠራል፤ ሥራ የሚያገኘው ግን ሲቀናው ብቻ ነው። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትንሿ ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ታናሽ እኅቴ ቃሊቲ አካባቢ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ማታ ስትመለስ ቡሌ፣ ማለትም የሆቴል ትርፍራፊ ምግብ፣ ታመጣልኛለች። ቅዳሜ ደግሞ ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ሄጄ ነጋዴዎች መርጠው የጣሉትን ቲማቲም፣ ጎመንና ድንች እለቅማለሁ። የተሰበረ ቁም ሳጥን ካገኘሁም ፈልጬ ለምጣድ አነደዋለሁ። ሰሞኑን አንድ ጎረቤት ቤት ሲለቅ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ዘንድ ጥሎት የሄደውን ሶፋና የስፖንጅ ፍራሽ ባለቤቴ ተሸክሞ አመጣ፤ አሁን ኮሪደር ላይ ነው። አማቴ «እሳት የማያጠራው ነገር የለም፤ አፍልተሽ ስጪያቸው» ይላሉ። እኔ ግን ባለፈው ወር ትንሿን ልጄን አስመልሷትና አስቀምጧት ስለነበር ፈራሁ። ጎረቤቶቼም ያሙኛል። ልተወው ወይስ ልቀጥል? ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ቆሼ ቆሻሻ መጣያ ሄጄ ብረት ልልቀም እያለ ያስቸግረናል።»

እኅቴ፣

ከሐሜቱ ልጀምርና ቶሎ ልውጣ። የሚያሙሽ ጎረቤቶች ማታ ለልጆችሽ እራት አያቀርቡም። ደግሞስ አዲስ አበባ ውስጥ የተጣለ ዕቃ መንካት ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው? ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ ሲዞር፣ ልዋጩ ያረጀ ልብስ ተቀብሎ ሳህን ሲሰጥ፣ ምናለሽ ተራ የተጣለውን ሁሉ ቀጥቅጦ መልሶ ሲሸጥ የኖረባት ከተማ ናት። ባይሆን ምግቡ መቼ በሰለ፣ የት ዋለ፣ ከምን ጋር ተቀላቀለ የሚለው ያስጨንቅሽ።

መልሴ ይኸው ነው። ቡሌውን ቀጥዪ፣ አመጣጡን ግን ለውጪ። አትክልቱን ቀጥዪ። ፍራሹን ዛሬውኑ ከኮሪደሩ አስወጪ። ሶፋው ይታያል። ወንድምሽ ቆሼ አይሂድ። ምክንያቱን በየተራው እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን ከአማትሽ ጋር ትንሽ ልከራከር።

እርሳቸው ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ታይፎይድን፣ አሜባን፣ ጃርዲያን፣ ኮሶን የሚያመጡት ነገሮች ምግቡ በደንብ ሲፈላ ይሞታሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ ለእነዚህ ግን እርሱም ይበቃቸዋል። ቁም ነገሩ ወጡ ዳር ዳሩ ሞቆ መሃሉ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዳይወርድ ነው። እያማሰልሽ ከመሃል እስኪንተከተክ ጠብቂ፤ ከዚያም ጥቂት ደቂቃ ይቆይ።

ነገር ግን እሳት የሚገድለው ሕይወት ያለውን ነው፤ መርዝ ሕይወት የለውም። አንዳንድ ጀርም ምግብ ላይ ሲራባ መርዝ ጥሎ ይሄዳል። ብታፈዪው ጀርሙ ይሞታል፣ መርዙ እዚያው ይቀራል። ስታፊሎኮከስ የሚባለው በሰው እጅና አፍንጫ ላይ የሚኖር ነው፤ አብሳዩ ጣቱ ላይ ቁስል ካለበት ወደ ምግቡ ይገባል። መርዙ ከተበላ ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ክፉኛ ያስታውካል። ባሲለስ ሴሬየስ የሚባለው ደግሞ ሩዝና ፓስታ ይወዳል። ሩዙ መጀመሪያ ሲቀቀል እንኳ ዘሩ አይሞትም፤ ድስቱ ለብ ብሎ በቆየ ቁጥር እየነቃ ይራባል፣ የሚተወውንም መርዝ ዳግመኛ ማሞቅ አያጠፋውም። የሆቴል ቡሌ ውስጥ ደግሞ ሩዝና ፓስታ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? የልጅሽ ትውከት እራት በበላችበት ሌሊት ከጀመረ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው። አፍልተሽ ሰጥተሻት ይሆናል፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም።

ስለዚህ የምትጠይቂው «አፍልቼዋለሁ ወይ?» ብቻ አይሁን። «ስንት ሰዓት ቆየ?» የሚለው ይቅደም። የበሰለ ምግብ በጣም ሳይሞቅም በጣም ሳይቀዘቅዝም፣ ማለትም ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል፣ ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ አደጋው ይጀምራል። አሁን አስዪው። የምሳው ሩዝ ከቀኑ ሰባት ሰዓት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከዋለ ስምንት ሰዓት ሙሉ ነው። ያ ሩዝ አይሸት ይሆናል፤ መልኩም አይለወጥ ይሆናል። መርዙ ሽታም ጣዕምም የለውምና አፍንጫሽን አትመኚው።

እዚህ ላይ ዕድለኛ ነሽ። ቡሌ ሻጭ ደጅ ተሰልፎ በፌስታል የሚቀበለው ሰው ምን ከምን እንደተቀላቀለ ማወቂያ የለውም። አንቺ ግን ወጥ ቤቱ ውስጥ እኅት አለችሽ። ምግቡ ቡሌ ከመሆኑ በፊት ልትደርስበት ትችላለች። ከድስት የተረፈና ከሳህን የተረፈ አንድ አይደለም፤ ከድስት የተረፈውን ማንም አልነካውም። ከሳህን የተመለሰው ግን የሰው እጅና ምራቅ አለበት፤ ስቴኪኒ፣ ሶፍት፣ የዓሣ አጥንት፣ አንዳንዴም የብርጭቆ ስባሪ ይገኝበታል። ስቴኪኒ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ፤ ሳይታወቅ ከተዋጠ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ እኅትሽ ክዳን ያለው ንጹሕ ዕቃ ይዛ ትሂድ፤ ከእራቱ ድስት የተረፈውን እንደሞቀ እዚያ ትገልብጥ። የምሳውን ማምጣት የምትችለው እንደተረፈ ወዲያው ማቀዝቀዣ ከገባ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ስታደርግ የወጥ ቤቱን ኃላፊ ታስፈቅድ። በሥራ ቦታ ዕቃ ተሸክሞ መውጣት ለሌብነት ሐሜት ያጋልጣል፤ ደመወዟ ከቡሌው ይበልጣል።

እንድትተዪያቸው የምፈልጋቸው ነገሮች አሉ፤ የተመለሰ ክትፎ፣ ለብለብም ቢሆን፣ ጥሬ ሥጋ፣ ማዮኔዝ የነካው ሰላጣ፣ ክሬም ያለበት ኬክ፣ ያልፈላ ወተት። በፆም ወራት ምስሩ፣ ሽሮውና ጎመኑ ስለሚበዛ ነገሩ ቀለል ይላል። ፆም በተፈታ ማግሥትና በጥር የሰርግ ሰሞን ግን ተጠንቀቂ። ድንኳን ውስጥ ከረፋድ ጀምሮ የተደረደረ የሥጋ ወጥ ማታ ላይ ሲከፋፈል ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል፤ በማግሥቱ ጤና ጣቢያው ይሞላል።

ቤትሽ ሲደርስ ማቀዝቀዣ ከሌለሽ በዚያው ሌሊት የሚበላውን ያህል ብቻ አሙቂና ብሉ። «ለነገ ቁርስ» የሚባል ነገር ከቡሌ አይተርፍም። ማቀዝቀዣ ካለሽ በትልቁ ድስት እንዳለ አታስገቢው፤ ድስት ሙሉ ወጥ መሃሉ እስኪቀዘቅዝ ሰዓታት ይፈጃል። በዝርግ ሳህን ከፋፍለሽ አስቀምጪ፣ አንዴ ብቻ አሙቂ። ለሁለት ዓመቷ ልጅ ከሳህን የተመለሰ ነገር ፈጽሞ አትስጫት። ለእርሷ ሌላ ነገር ከሌለ ከድስት የተረፈው ይሁን፣ መጀመሪያም እርሷ ትብላ።

ከቡሌ ሁሉ የምወደው ደረቅ እንጀራና ዳቦ ነው፤ ወጥ ያልነካው ከሆነ ብዙም አያስጨንቅም። ነገር ግን ሻጋታ ካየሽበት አንዷን ነጥብ ቆርጦ ቀሪውን መብላት የለም። እንጀራ ዓይኑ የበዛ፣ ለስላሳ ምግብ ስለሆነ የሻጋታው ሥር ዓይንሽ ከሚያየው በላይ ይሄዳል። ይህንን የምለው ብዙ እናቶች የሻገተውን ፀሐይ ላይ አስጥተው ድርቆሽ ሲያደርጉት ስለማይ ነው። ድርቆሽ የሚደረገው ገና ከሻጋታ በፊት ከነበረ እንጀራ ነው። ማድረቅ ሻጋታው እንዳይጨምር ይከለክለዋል እንጂ የተወውን መርዝ አያወጣም። በለውዝ፣ በበቆሎና በበርበሬ ላይ የሚወጣው አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ በረጅም ጊዜም ካንሰር ያመጣል፤ መቁላትም መቀቀልም አያጠፋውም። የሻገተውን ለጎረቤት ላም እሰጣለሁ ብትዪ እንኳ አፍላቶክሲን በወተት ተመልሶ ይመጣል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የወተት ከብቶች መኖ ላይ በተደረገ ምርመራ የኑግ ፋጉሎ፣ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው፣ ዋናው ምንጭ ሆኖ ተገኝቷል።

ልጅሽ እንደገና ካመማት ፍላጂልና አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ በግምት አትግዢ። አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ በጥብጠሽ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ አጠጫት፤ ከሌለሽ በአንድ ሊትር ውኃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሠራል። ጨውን አታብዢ። የምትጠባ ከሆነ ጡት አታቋርጪ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን የዚንክ ክኒን ጠይቂያት። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ ስታለቅስ እንባ ካጣች፣ ለስድስት ሰዓት ሽንት ካልሸናች፣ ሰገራዋ ደም ካለው ወይም የሰጠሻትን ሁሉ ከመለሰች ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም።

ወደ አትክልቱ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ጎበዝ ነሽ። ነጋዴ መርጦ የሚጥለው አብዛኛው መልኩ ስላልሸጠለት እንጂ ስለተበላሸ አይደለም። ጠንካራውን ከለስላሳው ለዪ። ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ሻጋታ ከነካቸው ከቦታው ዙሪያ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር አልፈሽ ቁረጪና ቀሪውን ተጠቀሚ። ቲማቲም፣ ፓፓያና ማንጎ ከሻገቱ ግን ሙሉ በሙሉ ይጣሉ፤ የበሰለ፣ የተጨማደደ፣ ልጣጩ ግን ያልተሰነጠቀ ከሆነ ችግር የለውም። ድንቹ አረንጓዴ ከሆነ በጥልቀት ላጪው፤ ተቀቅሎም የሚመር ከሆነ አትብሉት፣ አረንጓዴነቱን የሚያጅበው መርዝ በማብሰል አይለቅም። አይጥ የቀረጠፈው ነገር ሁሉ ይቅር።

መሬት ከወደቀው ይልቅ ከነጋዴው እጅ ተቀበዪ። የአትክልት ተራ መሬት የመኪና ዘይት፣ ሽንትና ጭቃ የተቀላቀለበት ነው። ሁልጊዜ ቅዳሜ የምትሄጂ ከሆነ ሁለት ሦስት ነጋዴዎችን ደንበኛ አድርጊ፤ ሲመርጡ ለብቻ ያስቀምጡልሽ፤ ብትችዪ ቦታቸውን በመጥረግ አግዣቸው። ስታጥቢ ሳትቆርጪ በፊት በሚፈስ ውኃ እጠቢ። ጥሬውን ለሰላጣ አታድርጊው፤ አብስዪው። ይህ የመጨረሻው ምክር ገዝቶ ለሚበላውም ይሠራል። በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማው ጎመን ምን ዓይነት ውኃ እየጠጣ እንደሚያድግ የሚያውቅ ሰው ጥሬ አይበላውም።

የእህል ጥራጊ ቢያጋጥምሽ ሁለት ነገር ብቻ እይ። ስንዴው ወይም በቆሎው ሐምራዊ፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ቀለም ካለው መድኃኒት የተለወሰ የዘር እህል ነው፤ ታጥቦ አይድንም። ጆንያው ውስጥ ግራጫ ዱቄት ወይም የክኒን ቁራጭ ካለ ደግሞ የነቀዝ ክኒን ነው። እርሱ የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ጆንያውን ወደ ቤት አታስገቢው።

አሁን ኮሪደሩ ላይ ወዳለው። ባለቤትሽ ደክሞበታልና ይቆጣ ይሆናል፤ ቢሆንም ፍራሹ ይውጣ። ስፖንጅ ፍራሽ ትኋን ከገባበት የሚያወጣው የለም። ፀሐይ ላይ ብታሰጪው ትኋኑ ወደ ጥላው በኩል ይሄዳል፤ መሃሉም እንዲሞት በሚያደርገው ልክ አይግልም። ሳይበላ ወራት መቆየት ስለሚችል «ጥቂት ቀን ይቆይ» የሚለውም አይሠራም። ትኋን በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም፤ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሣል፣ ልጆች ሲያክኩት ይቆስላል። በኮንዶሚኒየም ደግሞ በበር ስርና በኤሌክትሪክ ቱቦ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ሐሜቱ እውነተኛ ምክንያት ያገኛል። ስታወጪው በቢላዋ ቀዳደሽ ጣዪው፣ ሌላ ምስኪን ደግሞ እንዳይሸከመው።

ሶፋውን ወደ ግቢ አውጡና ገልብጡት። ከስሩ ያለውን ጥቁር ጨርቅ ቅደዱ፤ በስልክ መብራት የጨርቁን ስፌት፣ የእንጨቱን መጋጠሚያና የብሎን ቀዳዳውን እዩ። እንደ ቁንዶ በርበሬ የተበተነ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ቢጫ ባዶ ቅርፊት ወይም ነጭ እንቁላል ካለ ትኋን አለበት። ከሌለበት፣ ስፖንጁም ሽንት ሽንት ወይም ሻጋታ ሻጋታ ካልሸተተ፣ ጥረጉትና አስገቡት። ካለበት ደግሞ ጨርቁንና ስፖንጁን ገሽልጣችሁ ጣሉ፣ እንጨቱን አስቀሩ። ደህና እንጨት ከሆነ በየመጋጠሚያው የፈላ ውኃ አፍሱበት፤ ሲደርቅ አዲስ ስፖንጅና ጨርቅ ይለብሳል። የአማትሽ እሳት እዚህ ላይ ልክ ነው። ያረጀ ብርድ ልብስና ልብስም እንዲሁ በፈላ ውኃ ይዘፍዘፍ፤ በልብስ ስፌት ውስጥ የምትኖረው ቅማል ግርሻንና ተስቦን ታስተላልፋለች።

ከእርሻ መድኃኒት ሻጭ ማላታይን ገዝቶ ሶፋ ላይ መርጨትን በጭራሽ አታስቡት። ልጆቹ ፊታቸውን የሚያሳርፉበት ዕቃ ነው። ነጭ ጋዝ መቀባትም ቤት ያቃጥላል።

ቁም ሳጥን ፈልጠሽ ለምጣድ የምታነጅው ነገር ከቡሌው ይልቅ አሳስቦኛል። ጥሬ እንጨት ከሆነ ይሁን። የዛሬ ቁም ሳጥን ግን ብዙው ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ነው፤ ፍቅፋቂ እንጨት በማጣበቂያ ተለጥፎ፣ ላዩ ፕላስቲክ ተሸፍኖ። ሲነድ የሚወጣው ጭስ መርዛማ ነው፤ በጋራ ማብሰያው ቤት ውስጥ ደግሞ አንቺ ብቻ አይደለሽም የምትተነፍሽው። የተቀባ እንጨትም አታንጂ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። የተቀባ የልጅ አልጋ ብታገኚም ቀለሙ የሚላጥ ከሆነ ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጊው፤ አቧራው ነው የሚጎዳው። መድኃኒት የተነከረ የመብራት ምሰሶ ቁራጭም እንዲሁ ከምጣድ ስር አይግባ። የፋብሪካ ፓሌት ካገኘሽ ማኅተሙን እይ። ኤች እና ቲ የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉበት በሙቀት ብቻ የታከመ ነው፤ ኤም እና ቢ ከሆነ በመርዛማ ጋዝ የታጠነ ነውና ተዪው። በመንገድ የተገኘ ጀሪካንም ከዚህ በፊት ምን እንደነበረበት ካላወቅሽ ለውኃም ለዘይትም አይሁን። የፀረ ተባይ ጀሪካን በአመድም በበረኪናም ታጥቦ አይጠራም።

ስለ ወንድምሽ። ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻ የተከመረበት ተራራ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ የነበሩ ናቸው። ከስር የሚብላላው ቆሻሻ ጋዝ ያወጣል፣ እሳትም ይነሣበታል፤ የሆስፒታል መርፌና ስባሪ መስተዋት ከሌላው ጋር ተደባልቆ ይመጣል። ብረት መልቀም ከፈለገ እዚያው ኮዬ ፈጬ ዙሪያ ቤት እያደሱ ያሉ ሰዎችን ያስፈቅድ፤ የፌሮ ቁርጥራጭና ያረጀ ቆርቆሮ ከየግቢው ይወጣል፣ ለቆራሌም ይሸጣል። የኤሌክትሪክ ሽቦ አቃጥሎ መዳብ ማውጣት ግን አይልመድ፤ ፕላስቲኩን በቢላዋ ይላጠው። የሚጣል ማቀዝቀዣ ቢያገኝ በሩን መጀመሪያ ይንቀል፤ ሕፃን ገብቶ ቢዘጋበት ከውስጥ አይከፍተውም።

ወፍራም ሶል ያለው ጫማና የቆዳ ጓንት ያድርግ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰደ ስንት ዓመት እንደሆነው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ። የዛገ ብረት ከወጋው በሳሙናና በብዙ ውኃ ታጥቦ በዚያው ቀን ይታይ። መርፌ ከወጋው ደግሞ አይዘግይ፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥርም ይሻላል። ቆሻሻ ባለበት ውሻ አይጠፋምና ከነከሰው ወይም ከቧጨረው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙና ይጠበው፤ ውሻው ጤነኛ ቢመስልም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።